የባንቺ ተራ

«ቤቱ ተቃጠለ! ኧረ የሰው ያለህ!»

ፀደይ ጩኸቱን የሰማችው ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ገና ከሰፈሩ አፋፍ ላይ ሳለች ነው። ቀና ብላ ብታይ ከእነሱ ቤት ቆርቆሮ ሥር ነጭ ጭስ ይትጎለጎላል። ደብተሯን ደረቷ ላይ አጥብቃ ቁልቁል ሮጠች። ስትደርስ ጎረቤታቸው እትዬ ደብሬ ውኃ የሞላ ባልዲ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ታናሽ እህቷ የትናየት ደግሞ ግቢው መሀል እየዘለለች ታጨበጭባለች።

ከጭሱ ውስጥ አባቷ ደሞዝ ብቅ አለ። ዐይኑ እንባ አቅርሯል፣ ፊቱ ጥላሸት ለብሷል። የሟች ሚስቱን ነጠላ እንደ ሽርጥ ወገቡ ላይ አገልድሟል።

«አይዟችሁ፣ ቤቱ ደኅና ነው» አለ እያሳለ። «ጋን እያጠንኩ ነው።»

«ጋን እኮ በትንሽ ወይራ ነው የሚታጠነው!» አለች እትዬ ደብሬ ባልዲውን አስቀምጣ። «ምን ያህል ነው የማገድከው?»

«ካጠንኩ አይቀር ብዬ ሸክሙን በሙሉ።»

እትዬ ደብሬ ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች። ለእሳት የመጣው ጎረቤት ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ያልሳቀችው ፀደይ ብቻ ናት።

እናቷ ባንቺ ያረፈችው በመስከረም ነው፣ በአጭር ሕመም። የእመቤታችን የሴቶች ማኅበር አባል ነበረች። ሴቶቹ በየወሩ በሃያ አንድ በየተራ ቤት ይሰበሰባሉ፣ ጽዋ ይጠጣሉ፣ ዳቦ ይቆርሳሉ። የኅዳር ተረኛ ባንቺ ነበረች። ማኅበርተኞቹ «ሐዘን ላይ ናችሁ፣ ተራችሁ ይለፍ» ብለው ቢልኩ ደሞዝ እምቢ አለ።

«ባንቺ ተራዋን አሳልፋ አታውቅም» አላቸው።

እትዬ ደብሬ ጠላውን ልጥመቅላችሁ ብትልም «አንቺ አፍሽን አበድሪኝ፣ እጁ ከእኔ» አላት። ደሞዝ ሰቆጣ ገበያ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነው። ጨርቅ ሲለካ ስቶ አያውቅም፤ ወይራ ግን ለክቶ አያውቅም።

ፀደይ ይህ ወር እንዲያልፍላት ብቻ ነበር የምትፈልገው። እናቷ ከሞተች ወዲህ መቀመጥ አቅቷታል። የተጠረገውን ግቢ መልሳ ትጠርጋለች። መጽሐፍ ትከፍታለች፣ አንድ መስመር ሳታነብ ትዘጋለች። እንስራው ሞልቶ እያየች ውኃ ልቅዳ ብላ ትወጣለች። ከአርባው ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ደጅ አልረገጠችም። ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገረችም። እናቷ በትኩሳት ስትቃጠል ተደብቃ ተስላ ነበር፦ «እመቤቴ፣ እሷን ካተረፍሽልኝ ጃንጥላ አገባልሻለሁ።» አልተረፈችም። አሁን ደግሞ ለዚያችው ለእመቤታችን እዚሁ ቤት ድግስ ይደገሳል።

ያን ዕለት ራት ላይ አባቷ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ፀዲ፣ ሴቶቹ ሲመጡ ይጠይቁሻል። በእናትሽ ቦታ ትገቢያለሽ ወይ ይሉሻል። ከቤቱ የሚገባ ከጠፋ ቦታው ለሌላ ይሰጣል።»

«አልገባም።»

«እሺ።»

«እሺ ብቻ?»

«ምን ልበል? እኔ እንዳልገባ የሴቶች ነው። ነጠላውን ግን ለምጄዋለሁ» አለ ወገቡን እያሳየ።

የትናየት ኪኪኪ አለች። ፀደይ ከመቀመጫዋ ተነሣች።

«እማዬ የሞተችው ለቀልድ ነው? በልቅሶው ቀልድ፣ በአርባው ቀልድ! አንተ ምንም አልመሰለህም እኮ!»

የትናየት ጉርሻዋን እንደያዘች ቀረች። ደሞዝ ነጠላውን ፈትቶ ጫፍና ጫፉን አጋጥሞ በቀስታ አጠፈው።

«እናትሽን ያወቅኋት ከዝቋላ ሰቆጣ ገበያ መጥታ ቀሚስ ልታሰፋ ስትል ነው» አለ። «ስሜን ጠየቀችኝ። ደሞዝ አልኳት። ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና ‹ለዚህ ነዋ እንዲህ ያነስከው!› አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እዚህ ቤት ሳይሳቅ የዋለ ቀን ትዝ አይለኝም። ዝም ማለት እንዴት እንደሆነ አላውቅበትም፣ ፀዲ። ዝም ካልኩ…»

አልጨረሰውም። ወጣና ደጅ ባዶውን ጋን ሲያንኳኳ ይሰማ ጀመር፣ የተሰነጠቀ እንደሆነ የሚያይ ይመስል።

የኅዳር ጽዮን ዕለት ሴቶቹ ከቅዳሴ በኋላ ነጭ በነጭ ሆነው መጡ። ከፊት የማኅበሩ ሙሴ የሚባሉት፣ መሪዋ እማሆይ ወለተ ሰንበት በምርኩዝ እያዘገሙ ነበር። የነፍስ አባታቸው አባ ገብረ ሊባኖስም አብረው ነበሩ። ዳቦውን እትዬ ደብሬ ጋግራው ስለነበር ደኅና ነበር። ጠላው ግን የደሞዝ ነው።

ፀደይ ጣሳና ብርጭቆ እያመላለሰች ትወጣለች፣ ትገባለች። ማንም ዐይኗን አግኝቶ እንዳይጠይቃት የበር የበሩን ታያለች። አባ ጸሎት አድርሰው ዳቦውንና ጽዋውን ባረኩ። ጠላው ተቀዳ። ሴቶቹ ቀመሱ።

አንዷ ሳል ሳል አላት። ሌላዋ ብርጭቆዋን ከፍ አድርጋ በብርሃን አየችው። እማሆይ ወለተ ሰንበት ዐይናቸውን ጨፍነው ቆዩ።

«ደሞዝ ልጄ» አሉ በመጨረሻ።

«አቤት እማሆይ።»

«ይኼ ጠላ ነው?»

«እንዲሆን ነበር ያሰብኩት።»

«እኔ ደግሞ ደመራ የጠጣሁ መሰለኝ።»

ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ሳቁ ግን በነጠላው አልፎ ወጣ። አባ ገብረ ሊባኖስ ብርጭቆውን አሽትተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሳልቀምስ ነው እኮ የባረክሁት!» አሉ፤ ይኼኔ ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

«ባንቺ ብትኖር ዛሬ አንለቀቅም ነበር» አለች እትዬ ደብሬ እንባዋን እየጠረገች።

«ባንቺማ!» አሉ እማሆይ። «ያኔ አባ ከላስታ አዲስ የመጡ ጊዜ ትዝ ይላችኋል? ባንቺ በአገሯ ቋንቋ፣ በኽምጣና ስትጸልይ ሰምተው፣ ‹ልጄ፣ ግዕዙ ባይሆንልሽ በአማርኛ አድርሺ› ቢሏት ምን አለች?»

«እኔ ልናገር» አሉ አባ። «‹አባ፣ እመቤታችን ግብፅ ስትሰደድ ማን አስተረጎመላት? ከግብፆቹ የተግባባች የእኛን አታጣውም› አለችኝ። መልስ አጣሁላት። እስከ ዛሬም አላገኘሁም።»

ፀደይ ማሰሮ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ነበር። የእናቷ ድምፅ ነበር፣ ራሱ፤ ያ ወገቧን ይዛ አንገቷን ሰበር አድርጋ የምትናገረው። ሳቅ ሳታስበው አመለጣት። አፏን ብትይዝ ይባስ ገነፈለ፤ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ሳቀች። ከዚያ የሆነ ቦታ ላይ ሳቁ ሳቅ መሆኑን ተወ። ማሰሮውን አስቀምጣ በጓሮ በኩል ወጣች።

ከግድግዳው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ የምርኩዝ ኮቴ ሰማች። እማሆይ ከአጠገቧ እያቃሰቱ ተቀመጡ።

«ለምንድነው የምናከብራት?» አለች ፀደይ ድንገት።

«ማንን?»

«እመቤታችንን። ለምኛታለሁ፣ ጃንጥላ ተስያለሁ። አልሰማችኝም! እኛ ግን ቤታችንን ከፍተን እልል እንልላታለን።»

ተናግራ ደነገጠች። እማሆይ ግን አልተቆጡም። በምርኩዛቸው ጫፍ አፈሩን ጫር ጫር አደረጉ።

«የመጨረሻ ልጄን የቀበርኩት በሰባ ሰባቱ ድርቅ ነው» አሉ። «ከዚያ በኋላ ከእሷ ጋር ተኳረፍን። ማለቴ፣ እኔ አኮረፍኋት።»

«ከእመቤታችን ጋር?»

«አዎ። ስሟን አልጠራም ነበር። ማኅበር ግን አልቀርም። እመጣለሁ፣ ጥግ ይዤ እቀመጣለሁ፣ ዳቦዬን እበላለሁ፣ ሥዕሏን ሳላይ ወጥቼ እሄዳለሁ።»

ፀደይ በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገች። «ካኮረፉ ለምን ይመጡ ነበር?»

«ሌላ የምሄድበት ቤት አልነበረኝማ።»

«እንዴት ታረቃችሁ ታዲያ?»

«ቀኑን አላውቀውም። አንድ ጊዜ እንቅፋት መታኝና ስሟን ስጠራ ራሴን ሰማሁት። ልጄ ግን አልተመለሰልኝም።» ተንጠራርተው ተነሡ። «ስለ ቦታሽ ልጠይቅሽ ነበር የመጣሁት። ትቼዋለሁ። ጽዋውን ለቀጣይዋ ተረኛ፣ ለሰርካለም የሚያደርስልኝ ብቻ ፈልጊልኝ። የእኔ እጅ ይንቀጠቀጣል።»

ፀደይ ማንንም አልፈለገችም። ገባችና ጨርቅ የለበሰውን ጽዋ ራሷ አነሣችው። አባቷ አያት፤ ለመናገር አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። ሴቶቹ እልል እያሉ ወጡ። እሷ መሀላቸው ሆና ዳገቱን ተያያዘችው። ከንፈሯ አልዘመረም፤ ጽዋውን ግን እንዳያዘነብል በሁለት እጇ ይዛዋለች። ከብዙ ቀን በኋላ እግሯ ወዴት እንደሚሄድ አወቀ።

ሰርካለም ደጃፏ ላይ ጎንበስ ብላ ጽዋውን ተቀበለች። ሴቶቹ ገቡ። እማሆይ በሩ ላይ ቀሩ።

«በይ፣ ሳይመሽ ውረጂ» አሏት።

ፀደይ ሁለት ሦስት እርምጃ ወርዳ ቆመች።

«እማሆይ።»

«አቤት።»

«በወሩ የምንሰበሰበው ከቅዳሴ በኋላ ነው?»

አሮጊቷ ምርኩዛቸውን አስተካክለው አዩዋት። «በኋላ ነው» አሉ። «ያረፈደ ይቀጣል።»

«እኔ ግን ገና አልታረቅኋትም።»

«እሱን ከእሷ ጋር ተነጋገሩ። እኔ ሰዓቱን ነው የማውቀው።»