መልአኩ የጨረሰው ታሪክ

«እሑድ ሽማግሌ ሲመጣ አባትሽ ምን ብሎ ይመልስ?» አለች እናቴ።

«እንጃ» አልኳት። እውነቴን ነው።

የላከው ዲያቆን መልአኩ ነው፤ እዚሁ ሰቆጣ አብሮኝ ያደገ የሰፈራችን ልጅ። ቅስና ሊቀበል ስለሆነ አስቀድሞ ማግባት አለበት። የካህን ጋብቻ ደግሞ በቁርባን ነው፤ አልሆነልኝም ብሎ መፍታት የለም። እወደዋለሁ። ግን የምወደው እሱን ነው ወይስ አብረን የሰማነውን ፖድካስት?

የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ እያለሁ፣ እኛ ዘንድ ኢንተርኔት ቀልድ በነበረበት ጊዜ፣ ከደሴ የመጣ የመልአኩ ዘመድ «ሰባተኛው ፎቅ» የሚባል የፍቅር ታሪክ ፖድካስት በሚሞሪ ካርድ ጭኖ አመጣለት። አንዱን ማዳመጫ እሱ፣ አንዱን እኔ ጆሯችን ላይ ሰክተን እንሰማ ነበር። የታሪኩ ፍቅረኞች ማህደርና ናሆም ሊፍት ውስጥ ተዘግቶባቸው ሲቀሩ፣ ሊፍት አይቼ ስለማላውቅ ቁም ሳጥን መሰለኝ። ሁለት ሰው ቁም ሳጥን ውስጥ ምን እንደሚሠራ ባይገባኝም አልቅሼላቸዋለሁ።

የመጨረሻው ክፍል ሲቀረን አክስቴ ጋ ጽጽቃ ከተማ ሄድኩ። ስመለስ መልአኩ ሚሞሪው እንደተበላሸ፣ እሱ ግን ጨርሶ እንደሰማው ነገረኝ። መጨረሻውንም ተረከልኝ፤ ጥሏት ሄዶ የነበረው ናሆም ተመልሶ መጣ፣ ማህደርም «ስጠብቅህ ነበር» ብላ በሩን ከፈተችለት። ይህን ሁሉ ዓመት ያንን በር ይዤ ኖርኩ።

በዚህ ሳምንት ኔትወርኩ ደህና ሲሆን ፖድካስቱን ፈልጌ ከመጀመሪያው ሰማሁት። መጨረሻው ላይ ናሆም በሩን ያንኳኳል። ማህደር አትከፍትም። አለቀ።

ስልኬ የተበላሸ መስሎኝ ደግሜ ሰማሁት። አልከፈተችም። የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ።

ቅዳሜ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ አገኘሁት።

«መልአኩ፣ ማህደር በሩን አልከፈተችም።»

የነጠላውን ጫፍ ማፍተልተል ጀመረ። «ሰማሽው?»

«ሰማሁት። ለምን ዋሸኸኝ?»

«እኔም አልሰማሁትማ! የመጨረሻው ክፍል እምቢ አለኝ። አንቺ ደግሞ ከመኪና እንደወረድሽ፣ ቦርሳሽን እንኳ ሳታስቀምጪ ‹ተመለሰ ወይ?› አልሽኝ። ምን ልበልሽ?»

«አላውቅም አይባልም?»

«ያኔ ፊትሽን ብታዪው ኖሮ ዮርዲ፣ አንቺም ትዋሺ ነበር።»

ልስቅ ነው ልቆጣ? ሁለቱም መጣብኝ። ከእውነተኛው መጨረሻ ይልቅ የሱን እንደምወደው ደግሞ አውቃለሁ፤ የከፋውም እሱ ነው። ደስ እንዲለኝ ብሎ በዋሸኝ ሰው ዕድሜ ልኬን ልተማመንበት?

«ነገ ሽማግሌዎቹ የሚሉት ያንተ ነው ወይስ እኔን ደስ እንዲለኝ የተፈጠረ?»

«የሚናገሩት እነሱ ናቸው። እኔማ በወጉ ምን አፍ አለኝ?»

«አንተ ካልነገርከኝ አይምጡ።»

ደነገጠ። ጉሮሮውን ጠረገና «ካንቺ ውጪ ያለው ዓለም ለእኔ...» ብሎ ጀመረ፤ በዚያ በፖድካስቱ ለስላሳ የከተማ አማርኛ።

«እሱ የናሆም ቃል ነው» አልኩት።

አፈረ። ካህናቱ በአጠገባችን ሲያልፉ እጅ ነሳን። እነሱ ራቅ ሲሉ፣ ተስፋ ቆርጬ ልሄድ ስል በቤታችን ቋንቋ፣ በኽምጣና፣ እየተንተባተበ ጀመረ። ቅስናው እንደሚያስፈራው፣ ትዳር እንደሚያስፈራው፣ ጥሩ ባል ይሁን አይሁን እንደማያውቅ፣ ግን ብቻውን ከሚፈራ ከእኔ ጋር ቢፈራ እንደሚሻለው ነገረኝ። አላሳመረውም። መሐል ላይ ቃል ጠፍቶት እንደገና ጀመረ።

በኽምጣና ተረት ሲፈጥር ሰምቼው አላውቅም።

«እኔም እፈራለሁ» አልኩት በዚያው ቋንቋ። «ነገ በጊዜ ይምጡ።»