ለሸርጣን የተሳልኩት ጧፍ

ጋኔን፣ ዛር፣ ቡዳ ሲባል ስቄ የማልፍ ሰው ነኝ፣ ፊደልን ያለ የኔታ ብቻዬን የለየሁ፣ ጣሊያንኛንም ከወጥ ቤት ለቃቅሜ የተማርኩ ሰው በወሬ አይደነግጥም፣ ይህን የምነግራችሁ ግን በዓይኔ ስላየሁት ነው።

ጣሊያን መተማ በነበረበት ዘመን የአንድ ሐኪማቸው አሽከር ነበርኩ። ሐኪሙ ከምጽዋ በመስታወት ገንዳ ያስመጣው የባሕር ሸርጣን ነበረው፣ ልብስ ወዳድ ፍጥረት፣ የባሕር ሣር በጥፍሩ ቆርጦ፣ በአፉ አላምጦ ጀርባው ላይ ይለጥፋል፣ ቀይ ጨርቅ ብትጥሉለት ቀይ ለብሶ ይውላል፣ እመኑኝ፣ ከመተማ ሰው ሁሉ አመሉን የማውቅለት እኔ ብቻ ነበርኩ። ውሃው በሙቀቱ ሲጎድል ከጓንግ ወንዝ ቀድቼ፣ በነጠላ አጥልዬ እሞላለሁ።

ሐኪሙ ለሳምንት ወደ ጎንደር ሲሄድ፣ "ሸርጣን ሞተ፣ አንተ መንገድ ቆፋሪ" አለኝ በዚያች አማርኛው። ለመንገድ ቁፋሮ ተወስዶ የተመለሰ ሰው አላውቅም ነበር።

በሦስተኛው ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ሸርጣኑን ተገልብጦ አገኘሁት፣ በእንጨት ብነካው ባዶ ቅርፊት ነው። ወጥ ሠሪያችን እትዬ ጥሩነሽ መጥተው አዩና፣ "በል ወደ ገለጉ ጥፋ፣ ስንቅ ልቋጥርልህ" አሉኝ።

እኔ ግን፣ "ጊዮርጊስ፣ ነፍስ ዝራበት፣ ጧፍ አስገባለሁ" ብዬ ተሳልኩ።

"ለማይታረድ ለማይበላ?" ብለው ሳቁብኝ።

ይህን ሲሉ ከድንጋዩ ሥር ሸርጣኑ ራሱ ብቅ አለ፣ ራቁቱን፣ ለስላሳ ሆኖ። እባብ ቆዳውን እንደሚገፍ እሱም ቅርፊቱን ገፎ ኖሯል፣ ማንም ሳይነግረኝ ወዲያው ገባኝ።

"ስለትህን እንዳትረሳ" አሉኝ።

"ላልሞተ ላልተነሣ ምን ስለት አለው፣ እትዬ?"

በማግስቱ፣ ያው በቀትር፣ መስታወቱ ኳ፣ ኳ ይል ጀመር። ሳየው ዝም ይላል፣ ዞር ስል ኳ። ጠጋ ብል ትናንት ራቁቱን የነበረው ሸርጣን ሰማያዊ ክር ለብሷል፣ በክሩ ላይ ትንሽ የእንጨት መስቀል አለ፣ መስታወቱን የሚመታው መስቀሉ ነው። አውጥቼ አየሁት፣ አንድ ክንፉ በጥርስ ተነክሷል፣ የገዛ ጥርሴ ነው። በሰባት ዓመቴ ጓንግ ውስጥ ስዋኝ የጠፋብኝ፣ እናቴ ያሰረችልኝ ማተብ። ከውሃው ጋር ገብቶ ነው እንዳልል፣ በነጠላ ያጠለልኩት እኔ፣ ክዳኑን የገጠምኩት እኔ።

እትዬ ጥሩነሽ አማተቡና፣ "እንግዲህ ሸርጣኑ ባለ ስለቱን ጥራ ተብሎ ጠርቶሃል" አሉ።

ፀሐይዋ ሳትበርድ ጧፌን ይዤ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ቄሱ ለማን እንደሆነ ቢጠይቁኝ፣ "ከባሕር ለመጣ ዘመድ" አልኩ።

ሐኪሙ ተመልሶ ሸርጣኑን ገዝፎ ቢያገኘው እጄን ጨበጠኝ፣ ቁፋሮውም ቀረልኝ፣ እንዲህ ያለ ጠባቂ ከየት ያገኛል።

መስቀሉ ዛሬም አንገቴ ላይ ነው። ቀትር ላይ ስቀምሰው ጨው ጨው ይላል። ልጆቼ ላብህ ነው ይሉኛል። እኔም እንዲያ ብዬ አንድ በጋ ሙሉ ሙዳይ ውስጥ ከድኜ አኖርኩት፣ ባወጣው እርጥብ ነበር።