አንድ እናት፣ ሁለት ግልገል

በጊቱ ግልገሉን እንደገና ረገጠችው። ኡያንጋ ከመሬት አንስታ የበጊቱ ጡት ሥር መልሳ አስጠጋችው። ትናንት የሞተውን የበጊቱን ልጅ ቆዳ ገፈው እናት በሌለው በዚህ ግልገል ጀርባ ላይ አስረዋል፤ ጠረኑን አሽትታ የራሷ መስሏት እንድታጠባው። ኡያንጋ «ቶይግ፣ ቶይግ» እያለች የበግ ማባበያውን ዜማ በቀስታ ታዜምላታለች። በጊቱ በዜማው ካልራራች ግልገሉ አያድርም።

የድንኳኑ በር ተከፈተና የጎረቤታቸው ልጅ ዳምዲን ገባ። ካፖርቱ ውስጥ ሌላ ግልገል ሸጉጧል።

«እማማ ዶልጎር፣ የኛ በጎች አለቁ» አለ ለኡያንጋ እናት። «በረዶው ሳሩን ሸፍኖ ከቆለፈው ወዲህ እያየናቸው አለቁ። ይቺ ብቻ ቀረች። የምታጠባ ካለቻችሁ...»

«አለችን። አንዲት» አለች ኡያንጋ ቀድማ። «አባትህ በመከር ከግጦሹ ሲያባርረን ታስፈልጉኛላችሁ አላለንም ነበር።»

«እኔ ምን አደረግኩ?»

«አንተማ ፈረስህ ላይ ተቀምጠህ ትስቅ ነበር።»

ዳምዲን ዓይኑን ወደ ምድጃው አዞረ። ግልገሏ ካፖርቱ ውስጥ ሆና በቀጭኑ ጮኸች።

«ይቺም ከሞተች ከተማ እንግባ ብሏል አባዬ።»

«ግቡዋ። እዚያ በረዶ የሚጠርግ ሰው ይፈለጋል አሉ።»

«ኡያንጋ» አለች እናቷ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረች። «ሴት ናት?»

«ሴት ናት።»

ሴት ግልገል ካደገች ትወልዳለች፤ መንጋ እንደገና ከእሷ ይጀምራል። የእነሱ ወንድ ነው። ግን እነሱም ቢሆኑ ከመንጋቸው የተረፋቸው እፍኝ አይሞላም፤ ፍየላቸው የምትሰጠው ወተትም ለጡጦ ግማሽ እንኳ አይበቃም። በጊቱ ደግሞ አንዱን ከተቀበለች ሌላውን አታስጠጋም።

«የምታዜሚላት አንቺ ነሽ» አለች እናቷ። «አንቺ ወስኚ።»

ኡያንጋ በንዴት ጥርሷን ነከሰች። ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ሲሳቅ ሌላው ይስቃል፣ ሲከፋ ወሳኟ እሷ። የዳምዲን ግልገል ደግሞ አሁን መጮኹን ትታለች።

ኡያንጋ ተንበረከከች። ቆዳው የታሰረበት ገመድ በርዶ ደርቋል፤ በጣቷ አልፈታ ሲላት በጥርሷ ያዘችው። ሲላቀቅ ወንዱን ግልገል ለእናቷ አቀበለች።

«ያለችውን ወተት አሙቂለት።»

ዳምዲን ሊናገር አፉን ከፈተ።

«ይቅር አላልኩህም» አለችው። «ግልገሏን አምጣና የበጊቱን ራስ ያዝልኝ።»

ቆዳውን በግልገሏ ጀርባ ላይ አሰረችና ዜማውን ከመጀመሪያው ጀመረች።