ሁለተኛው ግሩፕ

ይህን የምጽፈው ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም። ተናድጄ ነው።

ማመን የማትፈልጉ ተዉት... ለምጄዋለሁ። ግን በእውነት ሆኗል፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ረቡዕ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምሮ፣ እኔ በማስተምርበት ሦስተኛ ክፍል ውስጥ።

ትምህርት ቤታችን የቤት ሥራ የሚልከው በስልክ ግሩፕ ነው። የግሩፑን መግቢያ ኮድ ደግሞ፣ ወላጅ እንዳይቸገር ተብሎ፣ ከስሜና ከፎቶዬ ጋር ታትሞ ዋናው በር ላይ ተለጥፏል።

በር ላይ! አላፊ አግዳሚው በሚያየው!

ለዳይሬክተሩ ሦስት ጊዜ ነገርኩት። "እርስዎ የቤትዎን ቁልፍ በር ላይ ይሰቅላሉ?" አልኩት። ሳቀ። ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ።

ያን ቀን ልጆቹ ለእረፍት ሲወጡ ሚጣ ክፍል ውስጥ ቀረች። ሚጣ የታላቅ እህቴ ልጅ ናት። ቤት ስንሆን "አክስቴ"፣ ክፍል ውስጥ "ቲቸር" ትለኛለች።

ጠጋ ብላ አንሾካሾከች።

"ቲቸር... ዛሬም በጓሮ በር ልምጣ?"

"ዛሬም?"

"እንደ ትናንቱ..."

የጓሮው በር ከተበየደ ዓመታት አልፈዋል። ማንም አይወጣበትም፣ ማንም አይገባበትም።

"ማን ነው እዚያ የጠራሽ?"

ግራ ገብቷት አየችኝ።

"አንቺ ነሻ! ከውጪ ሆነሽ አናገርሽኝ። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይከፈታል፣ አብረን እንሄዳለን አልሽኝ..."

ትከሻዋን ያዝኳት።

"ለማንም እንዳትነግሪ አላልሽኝም? ለአክስትሽም ቢሆን ብለሽ..."

በግሩፑ የተላከ ነገር ይኖር ይሆን ብዬ ስልኬን ከፈትኩ። በግሩፔ ውስጥ እንዲህ ያለ መልእክት የለም። ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ በሩጫ ሄድኩ።

"ቁጥር ቀየርኩ ብለሽ ወደ አዲሱ ግሩፕ ያስገባሽን አንቺ አይደለሽ እንዴ?" ብሎ ስልኩን አሳየኝ።

ስሜ አለ። ፎቶዬ አለ። አርባ ሁለቱም ወላጆች አሉ። እኔ ግን የለሁበትም።

አንድ ሰው በዚያ ኮድ ገብቶ የወላጆችን ስልክ ቁጥር አንድ በአንድ ለቅሟል። ዳይሬክተሩ የድምፅ መልእክቱን ነካው።

"ልጆች... የምትተኙበትን ክፍል ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ..."

የገዛ ድምፄ ነው። ከኋላ ደግሞ የእኔ ልጆች የማባዛት ሰንጠረዥ በቃላቸው ሲወጡ ይሰማል።

ወላጆቹም ልከዋል። አልጋ... መስኮት... የበር መቆለፊያ። ከሥሩ "እናመሰግናለን ቲቸር" ይላል።

"እኔ አይደለሁም!" አልኩ።

"ደክሞሽ ረስተሽው ይሆናላ። ለማንኛውም ስብሰባ ላይ እናነሳዋለን።"

ስብሰባ! እልህ አነቀኝ። ስጮህበት ወጥቶ ወረቀቱን ከበሩ ላይ ቀደደው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ...

ፖሊስ ጋ ደወልኩ። "ሰው እንልካለን" አሉ። ሰዓቱ ሄደ፣ ማንም አልመጣም።

እህቴ ጋ ደወልኩ። ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋ ሲንኳኳ ይሰማኛል።

"እህቴ፣ ስሚኝ! አሁኑኑ መጥተሽ ሚጣን ውሰጃት!"

መኪናው ቆመ።

"ማን ልበል?"

"እኔ ነኛ! ምን ሆነሻል?"

በሹክሹክታ መለሰች፦

"እህቴ ቅድም ነግራኛለች። ድምፄን አስመስላ የምትደውል ሴት አለች፣ እንዳትሰሚያት ብላኛለች። ልጄን ተያት!"

ዘጋችው። ደጋግሜ ብደውልም አላነሳችም። አብሮ አደጌ፣ የእናቴ ልጅ! በንዴት አለቀስኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ የክፍሉን በር ዘግቼ ከውስጥ መወርወሪያውን ወረወርኩት። ፖሊስ እስኪመጣ ማንም አይወጣም። ሚጣን የፊት ወንበር ላይ አስቀምጬ እጇን ያዝኩ።

ደወሉ ተደወለ።

አንድም ልጅ አልተንቀሳቀሰም።

የመውጫ ደወል ተደውሎ... አርባ ሁለት ልጅ... ጭጭ! አስተማሪ የሆነ ሰው እንዲህ ያለ ነገር እንደሌለ ያውቃል።

"እስኪ ደብተር አውጡ" አልኩ።

ማንም አላወጣም።

"ሚጣዬ... ምን ሆናችሁ?"

እጇን ቀስ አድርጋ ከእጄ አወጣች። እንግዳ ሰው እንደምታናግር፣ በትሕትና አየችኝ።

"ቲቸራችንን እየጠበቅን ነው" አለች።

ከኋላዬ መወርወሪያው ሲከፈት ሰማሁ...

ከውስጥ የወረወርኩት መወርወሪያ።

አርባ ሁለቱም፣ ጠዋት ጠዋት እኔ ስገባ እንደሚያደርጉት፣ ባንዴ ብድግ አሉ።

ሚጣ ፈገግ አለች... ለእኔ ግን አልነበረም።