ለዳማና ለሻሼ ቀጣይ ግብ

«ቁጭ!»

ዳማና ሻሼ እኩል ቁጭ አሉ። አሰልጣኟ ከጃኬቷ ኪስ ሁለት ቁራጭ የተቀቀለ ጉበት አውጥታ አጎረሰቻቸው። ከዚያ የሒሳብ ደብተሯን ከጀርባው ገልጣ «ግብ ሦስት፦ ሰው በበር ሲገባ አለመዝለል» ከሚለው ጎን ራይት አደረገች። አንዴ አልበቃ ብሏት ደገመችው። ደስ ብሏታል፤ ለምን ይደበቃል?

«አሰልጣኝ» ያላት ግቢው ነው። ገና አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ግን ላለፉት ሦስት ሳምንታት ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች፣ ዩኒፎርሟን እንኳ ሳትቀይር፣ ከሁለቱ ውሾቿ ጋር ግቢው መሃል ስትቆም ያያት ሁሉ ሌላ ስም አላገኘላትም። እናቷ ደግሞ «የኔ ልጅ የራሷን አልጋ አታነጥፍ፣ ለውሻ ሥርዓት ታስተምራለች!» እያለች ታሽሟጥጣታለች።

ነገሩ ግን የቀልድ አልነበረም። ከሦስት ሳምንት በፊት ዳማ፣ ያ ያየውን ሰው ሁሉ ካላቀፍኩ የሚል ግንዲላ ውሻ፣ የግቢው ተከራይ የሆነችው ልብስ ሰፊ በር ላይ ዘሎ የአንዲት ደንበኛ ነጭ የሙሽራ ቀሚስ ላይ የጭቃ እግሩን አትሞ ነበር። ቀሚሱስ ታጠበና ለቀቀ። ከባዱ የልብስ ሰፊዋ የራሷ ጉዳይ ነው። ከታክሲ ስትወርድ ወድቃ ዳሌዋን ከተሰበረች ገና አራት ወሯ ነው፤ የምትሄደው በክራንች ነው። ሐኪሙ «ድጋሚ እንዳትወድቂ፣ ከወደቅሽ መነሳትሽን እንጃ» ብሏታል። ዳማ ከዘለለ ወዲህ ውሾቹ ግቢ ውስጥ ካሉ እስከ ቧንቧው እንኳ ብቻዋን አትወጣም።

ስለዚህ አከራዩ ፈረዱ። አከራዩ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። የሚመክሩትም የሚቆጡትም በፍሬን ስለሆነ ግቢው «ጋሼ ፍሬን» ይላቸዋል። «እነዚህ ውሾች ፍሬን የላቸውም» አሉ። «እስከ ሦስት ሳምንት ፍሬን ካበጁ ይኖራሉ። ካላበጁ የብሎኬት ማምረቻው ዘበኛ ይወስዳቸዋል።» የብሎኬት ማምረቻው ውሾች እንዴት እንደሚኖሩ አሰልጣኟ አይታለች፤ አንድ ክንድ ሰንሰለት፣ አንድ ጣሳ ውሃ፣ በቃ። የፈተናው ቀን ከነገ ወዲያ፣ ቅዳሜ ነው።

«አየሽልኝ?» አለች ወደ ጓደኛዋ ዞራ።

ጓደኛዋ ደረጃው ላይ ተቀምጣ በስልኳ ስትቀርጽ ነበር። ክፍል ውስጥ «ሬዲዮ» ነው የምትባለው፤ ማጥፊያ የላትም። «ኧረ ምኑን አየሁት፣ ቀረጽኩት እንጂ! እንኪ እዪው። ድምፁን አትጠብቂ፣ ስልኬ ከወደቀ ወዲህ ዲዳ ሆኗል።»

አሰልጣኟ ቪዲዮውን አየችው። እየሳቀች ደገመችው። ሦስተኛ ስታየው ሳቋ ጠፋ።

አፏ ከመከፈቱ በፊት ቀኝ እጇ ወደ ኪሷ ትሄዳለች። እጇ ኪሷን ሲነካ ውሾቹ ቁጭ ይላሉ። አፏ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው።

«ቆይ እስኪ» አለች። ጃኬቷን አውልቃ ለሬዲዮ ሰጠችና ሁለት እጇን ከኋላዋ አቆላልፋ ቆመች። «ቁጭ!»

ዳማ ጭራውን ቆላ። ሻሼ «ማንን ነው?» የምትል ይመስል ወደ ኋላዋ ዞራ አየች።

«ቁጭ በሉ እንጂ!»

ዳማ ዘሎ ደረቷ ላይ ወጣና አገጯን ላሳት። ሬዲዮ ሆዷን ይዛ ተንከተከተች። «ወይኔ! ለካ ጃኬትሽ ነው አሰልጣኙ!»

አሰልጣኟ አልሳቀችም። «ቃሉን አልተማሩትም። እጄን ነው የተማሩት» አለች። «እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ትምህርት ቤት ነኝ። እትዬ በክራንቿ ብቻዋን ወጥታ ቁጭ ብትላቸው...»

«አታካብጂ አቦ! ቅዳሜ የምታዝዢያቸው አንቺ አይደለሽ? እጅሽን ኪስሽ ትከቺያለሽ፣ ቁጭ ይላሉ፣ ሼባው ይደሰታል፣ አለቀ። ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ።»

«አንቺ ደግሞ! መጀመሪያ ይትረፉ። ከዚያ ቀስ ብለሽ ታስተምሪያቸዋለሽ።»

እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ ጥሟታል። ውሸት መናገር እኮ አይደለም፤ ዝም ማለት ብቻ ነው። ዓርብ ክፍል ውስጥ ይህንኑ ለራሷ ስትደጋግም ዋለች። ማታ ከመድረሱ በፊት እጇን ከኋላዋ አቆላልፋ ሃያ ጊዜ ሞከረች። ሻሼ ሁለቴ ተቀመጠች። ዳማ አንዴም አልተቀመጠም። እናቷ ልብስ ከገመድ እያነሳች አይታት «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ እናቴ» አለቻት። ምኑ እንደተፈታ ግን አልጠየቀቻትም።

ከሁሉ የከነከናት ሌላ ነገር ነበር። ግቢው ሁሉ ሲጠራቸው ጆሮ ዳባ ልበስ የሚሉት ውሾች እሷን ብቻ ሲሰሙ ደስ ይላት ነበር። በጣም ደስ ይላት ነበር። ማንም እንዲያዝዛቸው አንድ ቀን እንኳ ዕድል ያልሰጠችው ለዚያ ይሆን? ደብተሯን ገልጣ አዲስ ግቦች ጻፈች። ጽፋ ስትጨርስ ወረቀቱን ገንጥላ አጠፈችው፤ ለማንም ላታሳየው ትችላለች።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጋሼ ፍሬን ኮፍያቸውን አጥልቀው ወንበር ላይ ተሰየሙ። እናቷ እጇን አጣጥፋ የእነሱ ቤት በር ላይ ቆመች። ልብስ ሰፊዋ ክራንቿን ተደግፋ ከደጇ አልወጣችም። እንግዳ የምትሆነው ሬዲዮ ናት፤ ዘንቢል ይዛ ከውጭ በሩን አንኳኳች።

በሩ ተከፈተ። ውሾቹ ብድግ አሉ። አሰልጣኟ እጇን ወደ ኪሷ ሰደደች። «ቁጭ!»

ቁጭ አሉ። ሬዲዮ ወጥታ እንደገና ገባች፤ አሁንም ቁጭ። ሦስተኛም እንዲሁ።

«እሰይ!» አሉ ጋሼ ፍሬን ጭናቸውን መትተው። «ፍሬን ማለት እንዲህ ነው!»

ልብስ ሰፊዋ በረጅሙ ተነፈሰች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአሰልጣኟ ፈገግ አለችላት። «ተባረኪ። በቃ ከሰኞ ጀምሮ ውሃዬን ራሴ እቀዳለሁ። ሰው ማስቸገር እንዴት እንደሰለቸኝ!»

ሰኞ። ሰኞ በዚህ ሰዓት አሰልጣኟ ሒሳብ ክፍል ናት። ሬዲዮ ከዘንቢሏ ጀርባ ጠቀሰቻት፤ «አለቀ» ማለቷ ነው። አሰልጣኟ ግን ወደ ጋሼ ፍሬን ዞረች።

«ጋሼ...» ድምጿ ቀጥኖ ወጣ። «አንድ ነገር ቀርቷል።»

«ምን ቀረ?»

«እርስዎ ይዘዟቸው። እኔ ቤት እገባለሁ። እትዬ፣ አንቺም በርሽን ዝጊ፣ እባክሽ።»

ሬዲዮ ዓይኗን አፍጥጣ ራሷን ነቀነቀች። አሰልጣኟ እንዳላየች ሆና ገባችና በሩን ከኋላዋ ዘጋች። ከውጭ የጋሼ ፍሬን ድምፅ ተሰማ፤ በሃምሳ ሰው ጫጫታ መሃል ወራጅ የሚሰማው ድምፅ ነው። «ቁጭ!» ቀጥሎ «ቁጭ ነው የምላችሁ!» ቀጥሎ የወንበር መውደቅ።

ስትወጣ ዳማ ሁለት የፊት እግሩን ጋሼ ፍሬን ትከሻ ላይ ሰቅሎ ጆሯቸውን ይልሳል። ሻሼ ኮፍያቸውን ነክሳ ግቢውን ትዞራለች። እናቷ አፏን በእጇ ሸፈነች።

«ምን ጉድ ነው ይሄ!» አሉ ጋሼ ፍሬን፣ ዳማን እየገፉ። «አሁን ቁጭ ብለው አልነበረም?»

«ለእኔ ብቻ ነው። ቃሉን ሳይሆን እጄን ነው የሚያዩት። ሐሙስ ነው ያወቅሁት።»

የልብስ ሰፊዋ በር ገርበብ አለ። በመስኮቷ ሁሉንም አይታለች። ፊቷ አመድ መስሏል። «ሰኞ ልወጣ ነበር እኮ» አለች።

«አውቃለሁ፣ እትዬ። ዝም ማለት ያቃተኝ ለዚያ ነው።»

ጋሼ ፍሬን ኮፍያቸውን ከሻሼ አስጥለው አራገፉት። «እንግዲህ ቃል ቃል ነው። ዘበኛው—»

«ሁለት ሳምንት ይጨምሩልኝ» አለች አሰልጣኟ ቀድማቸው። የታጠፈውን ወረቀት አወጣች። «ግቡን ቀይሬዋለሁ። እኔ ትምህርት ቤት ስሆን ጓሮ በሽቦ አጥር ውስጥ ይሆናሉ፤ አጥሩን ዛሬውኑ እሠራለሁ። ከእንግዲህ ኪሴ ምግብ አይዝም። ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በየተራ ቁጭ ይላቸዋል፤ የሚያጎርሳቸውም ያዘዛቸው ሰው ነው። መጨረሻ ላይ እኔ በሌለሁበት ይፈተናሉ። ያኔ ከወደቁ ራሴ እወስዳቸዋለሁ ብሎኬቱ ጋ።»

የመጨረሻዋን ስትናገር ዓይኗ እንባ አቀረረ። አልጠረገችውም።

ጋሼ ፍሬን ወረቀቱን ተቀብለው አነበቡት፣ ገልብጠውም አዩት። ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞሩ። «አጥንቱ ያንቺ ነው። አንቺ ወስኚ።»

ልብስ ሰፊዋ ክራንቿን ጠበቅ አደረገች። «እፈራቸዋለሁ» አለች። «እንቅልፌ ውስጥ ሁሉ ይዘሉብኛል።» ሻሼን አየቻት። «ልሞክር ብል ቀለል የምትለው ይቺ ናት?»

«አዎ። ዳማን ጓሮ አስረዋለሁ።»

«ከወንበሬ አልነሳም።»

«አትነሺም።»

«አንቺም አጠገቤ ትቆሚያለሽ።»

እሺ ማለት እንዴት ቀላል ነበር! አሰልጣኟ ከንፈሯን ነከሰች። «አይሆንም፣ እትዬ። እኔ ካለሁ ሻሼ አንቺን አታይሽም፤ እኔን ነው የምታየው። እማዬ አጥብቃ ትይዝልሻለች።»

እናቷ «እኔን ደግሞ ማን ጠየቀኝ!» አለች። የሻሼን ገመድ ለመቀበል ግን እጇን ዘረጋች።

«ሁለት ሳምንት» አሉ ጋሼ ፍሬን። «አንድ ቀን አልጨምርም።»

አሰልጣኟ ዳማን ጓሮ አስራ መጣች። ልብስ ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ ወንበር ላይ ተቀምጣ በሯን በሰፊው ከፍታለች። ክራንቿን ግን አልለቀቀችም። አሰልጣኟ የኪሷን ጉበት በሙሉ አራግፋ ጨርቅ ቁራጭ ላይ አስቀመጠችላት። «ቃሉን አንዴ ብቻ በዪ፣ ከዚያ ጠብቂያት። ስትቀመጥ ወዲያው ስጫት። ካልተቀመጠች ምንም አትስጫት፣ ብታሳዝንሽም።»

«ይቺ እኔን ታሳዝነኛለች?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

አሰልጣኟ ከግቢው ወጥታ የውጭውን በር ዘጋችው። ሬዲዮ ተከተለቻት። ከውስጥ ሻሼ እየጠራቻት ማላዘን ጀመረች።

«አብደሻል» አለች ሬዲዮ። «ጨርሰሽው ነበር እኮ! የኔን ትወናም ገደል ከተትሽው።»

«ቁጭ» የሚል ቀጭን ድምፅ ከግቢው ተሰማ። ሻሼ ማላዘኗን አላቆመችም።

«ቁጭ!» አለ እንደገና፣ አሁን ትንሽ ጠንከር ብሎ። ማላዘኑ ቆመ። ከዚያ ምንም አልተሰማም።

ሬዲዮ ዘላ በበሩ ስንጥቅ ልታይ ጎንበስ አለች። አሰልጣኟም ልቧ ቀድሟት ሄዷል። እግሯ ግን ባለበት ቆመ። ሻሼ ሽታዋን ብታገኝ፣ በስንጥቁ ጥላዋን ብታይ፣ ሁሉም ከዜሮ ነው።

«ተነሺ» አለቻት፣ የሬዲዮን ክንድ ይዛ። «እንሂድ።»

«ወዴት?»

«ድምፃቸው እስከማይሰማን ድረስ።»