የአሥር ሰዓቱ ባቡር እዚያ ይቆማል

ሰውየው አጠገቧ ሲቀመጥ ቀና ብላ አላየችውም።

የአጥንት ክሊኒኩ ወረፋ ክፍል ጢም ብሎ ሞልቷል። እሷ ጉልበቷ ላይ ቡናማ የራጅ ፖስታ አስቀምጣለች። እሱም እንደዚያው። አሮጊት ራጅ ይዛ ብትታይ ማን ምን ይላል?

«ወረፋው ረጅም ነው» አለ።

«ጉልበቱን ያመመው ይታገሣል» አለች።

የይለፍ ቃሉ ይኸው ነበር። ፖስታዎቹን መካከላቸው ባለው ወንበር ላይ አኖሯቸው። ነርሷ ስም ስትጠራ ሰዉ ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። ሲመለስ ፖስታዎቹ ተለዋውጠዋል።

የእሷ የምስጢር ስም አክስት ነው። የእሱ ባርኔጣ። እሱ የአንድ የቴሌቪዥን ውድድር የጥበቃ ኃላፊ ነው፤ ተወዳዳሪዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ከከተማ ከተማ በባቡርና በአውቶቡስ የሚሽቀዳደሙበት፣ መጨረሻ የደረሰ የሚሰናበትበት። የሚቀረፀው አሁን፣ የሚታየው ከሁለት ወር በኋላ ነው። እስከዚያ መንገዱ ምስጢር ነው።

አድናቂዎቹ ግን አይተኙም። መንገደኛ ያነሳውን ፎቶ ከጉዞ ሰሌዳ ጋር እያስተያዩ ሯጮቹ የት፣ በስንት ሰዓት እንደሚደርሱ ያሰላሉ። አክስት በባርኔጣ ተልካ፣ ጡረታ የወጣች አስተማሪ መስላ መካከላቸው ከገባች ስድስት ሳምንት ሆኗታል። በእውነቱ ሠላሳ አንድ ዓመት የባቡር ትኬት የሸጠች ሴት ናት።

«ባለፈው ሳምንት ጭልፊት አውቶቡስ ጣቢያው ውስጥ ታይቷል» አለ ባርኔጣ ጋዜጣ እያገላበጠ። «ድንቢጥ ያመለጠችው በአሥር ደቂቃ ነው። እሷ እንኳ አላየችውም።»

ድንቢጥ ሰባት ቁጥር ለብሳ የምትሮጠው ልጅ ናት። ጭልፊት የቀድሞ ባሏ። ክንዷን ሁለት ቦታ ሰብሮታል። አጠገቧ እንዳይደርስ ፍርድ ቤት ከልክሎታል።

«ከአድናቂዎቹ አንዱ እየነገረው ነው። ማን እንደሆነ ይድረሱበት። ዓርብ ይደርሳሉ ብለው ያሰሉትንም ሰዓት በትክክል ይንገሩኝ።»

«የራሳችሁን መንገድ እኔ ልንገርህ?»

«ለእኛ ለጥበቃዎች የሚነገረን በዕለቱ ነው።» ሳቅ አለ። «ምነው ዛሬ ጥያቄ አበዙ?»

ሳቁን አልወደደችውም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ባርኔጣም የማያውቀው አንድ ነገር ነበር። ድንቢጥ የልጇ ልጅ ናት። ይህን ሥራ ለምና የገባችበትም ለዚሁ ነው። ያቺ ልጅ ክንዷ ከተሰበረ ወዲህ በር ላይ ቆማ ግራ ቀኝ ሳታይ ወጥታ አታውቅም ነበር። ውድድር ልግባ ስትል አያቷ ሦስት ቀን እህል አልወረደላትም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አክስት አድናቂዎቹ ወደሚሰበሰቡባት፣ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ኋላ ወዳለችው ክፍል ገባች። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች የጉዞ ሰሌዳ ነው። አድናቂዎቹ ሁለት ናቸው፤ እሷን ጨምሮ ሦስት። ሰዓት ሠሪው ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ፎቶ ላይ አጎንብሷል።

«እትዬ፣ ከልጆቹ ጀርባ ያለው የአዳራሽ ሰዓት ስንት ይላል?»

«አራት ከሃያ።»

«ባቡሩ የሚነሳው አራት ከአሥራ ስምንት ነው። አመለጣቸው።»

«የአዳራሹ ሰዓት እኮ አራት ደቂቃ ይቀድማል። መንገደኛ እንዲፈጥን ብለው ነው። ባቡሩ የሚነሳው በሐዲዱ ሰዓት...»

ከአፏ አመለጣት።

ሰዓት ሠሪው ማጉያውን ከዓይኑ አወለቀ። «እኔ አርባ ዓመት ሰዓት ስጠግን ይህን አልሰማሁም። አስተማሪ ከየት ሰማች?»

«ባሌ የባቡር ሰው ነበር፣ ጋሼ።»

«እስከ ዛሬ ነጋዴ ነበር» አለች የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት። «እትዬ ስንት ባል ነው ያለዎት?»

ተሳሳቁ። ሰዓት ሠሪው ግን አልሳቀም። ማስላቱን ቀጠለ። ሰባት ቁጥሮቹ ያንን ባቡር ይዘዋል። ስለዚህ ዓርብ አሥር ሰዓት ሐዲዶቹ ከሚገናኙበት የመጋጠሚያው ጣቢያ ይደርሳሉ።

ትክክል ነበር። የተናገረችበትን አፏን ረገመች።

«ሰሌዳው እንዳይቀየር ጣቢያ ሄጄ ላረጋግጥና ልደውል» አለች።

ደንባቸው የታወቀ ነው፤ የተረጋገጠ ሰዓት ሩጫው እስኪያልፍ እርስ በርስ እንኳ አይወራም። እሷም በደንባቸው ወጥመድ ዘረጋች። ለሰዓት ሠሪው ሰሌዳው ተቀይሯል፣ ሰባት ሰዓት ነው አለችው። ለፎቶ ኮፒዋ ስምንት። ለባርኔጣ ዘጠኝ፣ በሻንጣ ክፍሉ በር። ጭልፊት በመጣበት ሰዓት ከዳተኛው ይታወቃል።

ዓርብ ድሮ ትኬት ትሸጥበት በነበረው የመጋጠሚያው ጣቢያ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። አፏን በማስክ፣ ግንባሯን በሻርፕ ሸፍናለች። ጭልፊት መልኳን ያውቃል፤ ከእጇ ስንት ጊዜ በልቷል።

ሰባት ሰዓት። ማንም የለም።

ስምንት ሰዓት። ማንም።

ዘጠኝ ሰዓት ጭልፊት ከሻንጣ ክፍሉ በር ቆመ።

ባርኔጣ።

ለፖሊስ ደወለች። «በአንድ ሰዓት ውስጥ እንደርሳለን» አሏት። ምንም አይደል፣ እስከዚያ ተስፋ ቆርጦ ይሄዳል ብላ ነበር። አልሄደም። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሠላሳ አንድ ዓመት መስኮት ላይ ተቀምጣ ይህን እንዴት ረሳችው? የጠበቀውን ባቡር ያጣ ሰው የሚቀጥለውን ይጠብቃል።

የሚቀጥለው የአሥር ሰዓቱ ነው።

ስልኳ ጮኸ። ባርኔጣ ነበር።

«አክስት፣ የት ነዎት? ዘጠኝ ሰዓት ማንም አልወረደም አሉኝ።»

«ማን አለህ? እኔ ክሊኒክ ወረፋ ላይ ነኝ።»

ከራሷ በላይ ድምፅ ማጉያው አምባረቀ። «ወደ ሰሜን የሚጓዙ መንገደኞች ወደ ሁለተኛው ሐዲድ...»

ባርኔጣም ሰማው።

«ክሊኒኩ ባቡር አስገባ እንዴ?» አለና ስልኩን ዘጋው።

ወዲያው የጭልፊት ስልክ ጠራ። አዳመጠ። ቀና አለ። አግዳሚዎቹን አንድ በአንድ ማየት ጀመረ።

አሮጊት እየፈለገ ነበር።

ተነሳች። የትኬት ቤቱ የሠራተኛ በር ወደ ላይ ካልተነሳ አይከፈትም፤ ትከሻዋን ሰጥታ ወደ ላይ ብድግ አደረገችውና ገባች። መስኮቱ ላይ ያለችው ትኬት ሻጭ እሷ ያሠለጠነቻት ናት።

«እንዴ፣ እማማ...»

«አላየሽኝም። ስልኩን አቀብዪኝ።»

ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብላ ከመጋጠሚያው በፊት ያለውን ጣቢያ ጠራች። አንድ የድሮ ባልደረባዋ አነሳ።

«የአሥር ሰዓቱ ገባልህ?»

«እየገባ ነው። ድምፅሽ ምን ሆኗል?»

«ሰባት ቁጥር የለበሱ ሁለት ልጆች አሉበት። ባቡሩ ዛሬ መጋጠሚያው ላይ አይቆምም በላቸውና አስወርዳቸው።»

«ውሸት ነዋ። ይቆማል።»

«አስወርዳቸው። የልጄ ልጅ ናት። ሞት ነው የሚጠብቃት።»

መስኮቱ በቡጢ ተመታ።

«አንዲት አሮጊት እዚህ አልገባችም?» የጭልፊት ድምፅ ነበር።

አክስት የስልኩን መነጋገሪያ በመዳፏ አፈነች። በመካከላቸው አንድ መስታወትና አንድ ሳንቃ ብቻ።

«ከጠዋት ጀምሮ የማስተናግደው አሮጊት ነው» አለች ትኬት ሻጯ። «የትኛዋን ልስጥህ? ወረፋህን ያዝ።»

ሄደ። ትኬት ሻጯ ጎንበስ ሳትል በከንፈሯ ብቻ «ፖሊስ ጠርተሻል?» አለች።

«ድሮ።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን ነው።»

አልሆነም። ፖሊሶቹ ከሻንጣ ክፍሉ በር ደረሱበት። አንዱን በጥፊ መታው። ሲፈተሽ ከኮቱ ሥር ቢላ ወጣ። ስልኩ ላይ ደግሞ አጭር መልእክት፤ «ዘጠኝ ሰዓት። የሻንጣ ክፍሉ በር።» ላኪው ባርኔጣ።

የአሥር ሰዓቱ ባቡር በሰዓቱ ገባ። ሰባት ቁጥር አልወረደም።

ባርኔጣ በማግስቱ ታሰረ፤ የአድናቂዎቹን ስሌት ለጭልፊት በገንዘብ ይሸጥ ነበር። አክስት ፖሊስ አዛዡን አንድ ነገር ብቻ ለመነችው፤ ጭልፊት ጣቢያ ውስጥ የጠበቀው ማንን እንደነበር ለልጅቷ እንዳይነገራት። ድንቢጥ የሰማችው የቀድሞ ባሏ ፖሊስ መትቶ አራት ዓመት እንደተፈረደበት ነው።

ከሁለት ወር በኋላ አያትና የልጅ ልጅ ሶፋ ላይ ሆነው ቴሌቪዥን አዩ። የልጅቷ ጥንድ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ሲደርስ፣ ሲሰናበት፣ ሲያለቅስ።

«አየሽ እማማ? አንደኛ ነበርን። ያ የጣቢያ ሰውዬ ነው የዋሸን። ምን አደረግነው?»

«ብርድ እንዳይመታሽ፣ እግርሽን ሸፍኚ።»

የስለላ ስልኳ ጠራ። ኩሽና ገብታ አነሳችው። ሰዓት ሠሪው ነበር።

«እትዬ፣ ስርጭቱን ሦስት ጊዜ አየሁት። የአሥር ሰዓቱ እዚያ ይቆማል። ልጆቹን ያስወረደ ሰው የባቡርን ሆድ ዕቃ የሚያውቅ ነው። እኔንም ሰባት ሰዓት ብሎ የሸኘኝ ያው ሰው ነው።»

የኩሽናውን በር ገፋ አድርጋ ዘጋች።

«ጓደኛ መስለውኝ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ማስታወሻችን ላይ ሰሌዳው ለአንድ ቀን ተቀይሮ ነበር ብዬ ጽፌአለሁ። በስሌት ስዋሽ የመጀመሪያዬ ነው። ምክንያት ይኖርዎታል ብዬ ነው።»

ምክንያቱ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። እንዴት ብላ ትንገረው? ስልኩን ዘጋች። ሲም ካርዱን አውጥታ በመቀስ ለሁለት ቆረጠችው። እንዲያ ያለ ወዳጅ በዚህ ዕድሜዋ ከእንግዲህ አታገኝም።

«ማነው እማማ?»

«ቁጥር ተሳስቶ ነው።»

«ሳሙና አልቋል፣ ሱቅ ደርሼ ልምጣ» አለች ልጅቷ።

«ብቻሽን?» አፏ ላይ የመጣውን መልሳ ዋጠችው። «እሺ። ሹራብሽን ልበሺ።»

ልጅቷ በሩን ከፈተች። ግራ ቀኝ አላየችም። እያፏጨች ወጣች።

አሮጊቷ መጋረጃውን በአንድ ጣቷ ገለጥ አድርጋ፣ ጥግ እስክትዞር ተመለከተቻት። ከዚያ ሰዓቱን አየች። ሱቁ ደርሶ መልስ ስምንት ደቂቃ ነው።