ባትሪውን የያዘልኝ ማን ነበር?

ወዳጄ፣ እኔ የመንፈስና የጥላ ወሬ ሲጀመር ጃኬቴን አንስቼ የምወጣ ሰው ነኝ፣ ሙያዬ መካኒክ ነው፣ የሚንኳኳ ነገር ሁሉ አንድ ቦታ የላላ ቡሎን አለው ብዬ ነው የኖርኩት፣ ዛሬም ከአንዲት እሁድ በስተቀር እንደዚያው ነኝ። ሌሊት ቢሆን ኖሮ ደክሞኝ ነው እል ነበር፣ ግን እመነኝ፣ ከምሳ በኋላ ነበር፣ ውጭው ፀሐይ ነበር።

ያኔ አውስትራሊያ፣ ሜልበርን ከመጣሁ ሦስት ዓመት ሞልቶኛል፣ ትሩጋኒና፣ ገና ዛፍ እንኳ በወጉ ያልበቀለበት አዲስ ሰፈር ውስጥ ቤት ተከራይቼ ብቻዬን እኖራለሁ፣ ቀን ዌርሃውስ ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት እነዳለሁ፣ ማታ አዲስ አበባ ካለችው ባለቤቴ ከሰላም ጋር በቫይበር አወራለሁ፣ ስልኩ ሲዘጋ የሚቀረኝ የፍሪጁ ድምፅ ነው። በመጨረሻ ቪዛዋ መጣና ማክሰኞ ትገባለች ተባለ። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፣ «በአባትሽ መኪና ነው የምቀበልሽ» ብዬ ቃል ገብቼላት ነበር፤ ሟች አባቷ ይነዱት የነበረውን ዓይነት፣ እሷ በልጅነቷ ከኋላ ወንበር ላይ ተንበርክካ መንገድ የምታይበትን፣ ያንን ክብ መብራት ያለውን አሮጌ የቤት መኪና አንድ ሰው ጓሮ ሣር ውጦት አግኝቼ ገዝቼዋለሁ። ቦዲው ደህና ነው፣ ሞተሩ ግን ከእርጅና ብዛት ነክሶ ቀርቷል።

የሚገጥምለት ሞተር ያገኘሁት ከከተማው ሌላኛው ጫፍ፣ ዳንደኖንግ፣ አንድ ያረጀ ካራቫን ውስጥ ነው፤ ያንን ራሱ የሚነዳውን፣ ውስጡ አልጋና ምድጃ ያለውን ዓይነት። የሸጠችልኝ የባለቤቱ ልጅ ናት፣ ወሬ የምትወድ ሴት፣ እኔ ሞተሩን ስፈታ አጠገቤ ቆማ ታወራኛለች።

«አባትና እናቴ በዚህ መኪና ያልዞሩበት አገር የለም» አለችኝ። «ሲበላሽ አባቴ ከሥር ይገባል፣ እናቴ የእጅ ባትሪ ትይዝለታለች። ዕድሜያቸውን ሙሉ እንደዚያ ነበሩ። እሷ ስትሞት፣ ከእንግዲህ ባትሪ የሚይዝልኝ የለም ብሎ አቆመው። አሁን መጦሪያ ቤት ነው ያለው።»

«ያሳዝናል» አልኩና ሞተሩን ጭኜ ሄድኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ ሐሳቤ ማክሰኞ ላይ ነበር።

ሞተር መግጠም የሁለት ሰው ሥራ ነው። የማውቃቸው ሰዎች ሁሉ እሁድም ሺፍት አለባቸው፣ እሺ ያሉኝ ጋሽ ታደሰ ብቻ ናቸው፣ የሰፈራችን ትልቅ ሰው፣ «ከቸርች ስወጣ መጥቼ አግዝሃለሁ» አሉኝ። ብጠብቅ ብጠብቅ የሉም። ነፋሱ አቧራ ሲያመጣብኝ የጋራዡን ሮለር ዶር ከውስጥ ቆልፌ፣ ሞተሩን በፓራንኮ፣ በማንሻ ሰንሰለቱ፣ አንጠልጥዬ፣ እየተሳደብኩም እየጸለይኩም ከካምቢዮው ጋር አጋጠምኩት። የቀሩት ከሥር ያሉት ቡሎኖች ናቸው። ገብቼ ተንጋለልኩ፣ ጨለማ ነው፣ ቀዳዳው አይታይም፣ አዲስ አበባ ጋራዥ ስሠራ አጠገቤ ሁሌም ሰው ነበርና አፌ ሳላስበው «ባትሪ ያዝልኝ!» አለ። ለማን እንደሆነ እንጃ።

መብራቱ መጣ።

መጀመሪያ ነጠላ ጫማ ሲሚንቶው ላይ ሸርተት ሸርተት ሲል ሰማሁ፣ ቀጥሎ ጉሮሮ መጥረግ ነገር፣ ከዚያ ቢጫ መብራት ቀዳዳው ላይ ቁጭ አለ። ጋሽ ታደሰ መጡ ብዬ ደስ አለኝ። «ጋሼ፣ አንተ ስላልኩዎት ይቅርታ፣ እንዲሁ ያዙልኝ» አልኩና ሥራዬን ቀጠልኩ። ባትሪ አስይዘህ የሠራህ እንደሆነ ታውቀዋለህ፣ የሚይዝልህ ሰው ወይ ዓይንህ ላይ ያበራል ወይ እሱ የሚያየው ላይ፣ እኛ መካኒኮች ድምፃችን የሚዘጋው «ወደ እጄ! ወደ እጄ!» ስንል ነው። ይሄኛው ግን እጄ ከመድረሱ በፊት እዚያ ይጠብቀኛል። ሦስተኛው ቡሎን አምልጦኝ ተንከባለለ፣ ሳልናገር ተመልሶ ተንከባሎ መጣና ጣቴን ነካኝ። ጋሽ ታደሰ እንዳልሆኑ ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ፣ እሳቸው መርፌና ሚስማር አይለዩም። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ወሬዬን እለቀዋለሁ፣ ስለ ሰላም፣ ስለ ማክሰኞ፣ ቤቱ ዝም ሲል እንዴት እንደሚያስጠላ፣ ለሰው ነግሬ የማላውቀውን ሁሉ።

የመጨረሻውን ቡሎን ሳጠብቅ ስልኬ ጮኸ። ተኝቼ አነሳሁት።

«ልጄ ይቅርታ፣ ጸሎቱ ረዘመና ባቡሩን ሚስ አደረግሁ» አሉ ጋሽ ታደሰ። «ገና ፉትስክሬይ ጣቢያ ነኝ።»

መብራቱ እጄ ላይ ነው። «እሺ ጋሼ» አልኩ። ስልኩን ስዘጋ መብራቱ ጠፋ፣ ነጠላ ጫማው ቀስ ብሎ ወደ ሞተሩ በኩል ሄደ። ስወጣ በሩ እንደተቆለፈ ነው፣ የኔ የእጅ ባትሪ መደርደሪያው ላይ ቻርጅ እንደተሰካ ነው። በበሩ ስንጥቅ ፀሐይ ገብታ ነው ብዬ ራሴን ላሳምን ሞከርኩ፣ ግን ፀሐይ ከቡሎን ቡሎን እየተከተለች አታበራም።

ማክሰኞ መኪናዋ በአንድ ቁልፍ ተነሳች። ሰላም ኤርፖርት ፓርኪንግ ውስጥ ስታያት አለቀሰች፣ ጫማዋን አውልቃ ከኋላ ወንበር ላይ ተንበረከከች፣ ከዚያ የበለጠ ቀን በሕይወቴ አላየሁም።

በሁለተኛው ሳምንት የዳንደኖንጓ ሴት ቴክስት ላከችልኝ። «አባቴ ሞተሩ ከሄደ ጀምሮ፣ ሚስቴን የት ወሰዳችኋት እያለ ነው። ሞተሩ እንደተሸጠ ማንም አልነገረውም ነበር። አንዴ መኪናውን ይዘህ ብትመጣለት?»

አልመለስኩላትም። ሦስት ዓመት ሚስት መጠበቅ ምን እንደሆነ የማውቀው ሰውዬ፣ አልመለስኩላትም። ምክንያቱን ለሰላምም አልነገርኳትም፣ ላንተ ግን ልንገርህ። ሰላም ሥራ አገኘች፣ የሌሊት ሺፍት ነው፣ እኔ ስገባ እሷ ትወጣለች፣ በር ላይ ተሳስመን እንለያያለን፣ እሁድ ደግሞ ድብል ስለሚከፍሏት ቀኑንም ትሠራለች። እኔ እሁድ ጋራዥ እገባለሁ፣ ሮለር ዶሩን እዘጋለሁ፣ ያልተበላሸ ነገር እፈታለሁ፣ ከሥር ተንጋልዬ «እትዬ፣ ያዙልኝ» እላለሁ። መብራቱ ይመጣል፣ እኔም ወሬዬን እለቀዋለሁ። አማርኛ ከየት እንደምታውቅ አትጠይቀኝ።

ዳንደኖንግ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ቴክስቱን አላጠፋሁትም፣ ግን እስካሁን አልሄድኩም።